ከካርቱም ሜዳ እስከ ዓባይ በረሃ አቀበት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ ወር 2003 ከካይሮ ከተማ የተነሡ ብስክሌተኞች አራት ወር ያህል ፔዳል ሲረግጡ ሰንብተው በሜይ ወር ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኬፕታውን ገቡ። «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞና ውድድር የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነበር። መንገዱ እንደየዓመቱ ጥቂት ቢለዋወጥም በጠቅላላው 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።)

በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ቱር ደ ፍራንስ 21 የዕለት ምዕራፎች ያሉትና ሦስት ሳምንት የሚፈጅ ውድድር ነው። በዚያ የሚሰለፉት ኑሯቸው በብስክሌት የሆነ ደመወዝተኞች ሲሆኑ፣ መካኒኩም ሐኪሙም ከኋላቸው በመኪና ይከተላቸዋል፤ ማታም ከሆቴል ያድራሉ። በቱር ዳፍሪክ ግን ከጥቂት ብርቱ ተወዳዳሪዎች በቀር አብዛኛው ተጓዥ በሌላ ሥራ የሚተዳደር ተራ ሰው ነው። ድንኳኑን ራሱ ይተክላል፤ የተበሳ ጎማውንም ራሱ ይለጥፋል። ሰዓት የሚያዝለት ተወዳዳሪና መንገዱን ለመጨረስ ብቻ የሚጓዝ ሰው ማለዳ አብረው ይነሣሉ፤ ሴቶችና ወንዶችም በየተርታቸው ይመዘናሉ። ከመነሻው እስከ መድረሻው አንዲት ስንዝር እንኳ በመኪና ሳይጫን በገዛ እግሩ ለጨረሰ ሰው የተለየ ክብር ይሰጠዋል። በእኛ አስተያየት ከዋንጫው ይልቅ የሚያስቀናው ይኸኛው ነው።

ከዚህ ሁሉ መንገድ እኛ ለዛሬ የመረጥነው ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ያለውን 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳና እንደ ግድግዳ የቆመ አቀበት ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሁለቱንም የሠራቸው አንድ ወንዝ፣ የእኛው ዓባይ ነው።

ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ጥቁር ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙት በዚያ ሲሆን፣ ቦታውን የአገሩ ሰዎች አል ሞግራን ይሉታል። ብስክሌተኞቹ ወደዚህች ከተማ የሚደርሱት በፌብሩዋሪ ወር ገደማ ነበር። ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው በዶንጎላ በኩል የኑቢያን በረሃ አቋርጠው ሲመጡ የክረምቱ የሰሜን ነፋስ ከኋላ ሆኖ ይገፋቸዋል። በረሃ ነው ተብሎ የሚፈራው መንገድ በዚህ ወቅት በነፋሱ ምክንያት ከሚታሰበው ይልቅ ይቀላል። አሸዋው ግን ምሕረት የለውም። አሸዋና ዘይት ሲገናኙ እንደ ሞረድ ስለሚሆኑ ሰንሰለቱንና የማርሹን ጥርስ ይበሉታል። ስለዚህም የካርቱም የዕረፍት ቀን ለአካል ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ሰንሰለት ለማጠብ፣ የተላጠ ጎማ ለመቀየርና ልብስ ለማጠብም የሚውል ነበር። ጠመንጃውን ጠርጎና ቀብቶ ለማያውቅ ወታደር እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ አንባብያን ግን ማስረዳት የሚያሻው አይመስለንም።

ስለ ሱዳን ስናነሣ ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ልማድ አለ። በየመንገዱ ዳር ከዛፍ ወይም ከዳስ ጥላ ሥር ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ተደርድረው ይገኛሉ፤ «ዚር» ይሏቸዋል። ውኃው የሚሞላው ለማያውቁት መንገደኛ ነው። ሸክላው ውኃውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚያወጣና ያም ከላዩ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ ፀሐይ ድንጋይ በምታግልበት ሰዓት እንኳ የጋኑ ውኃ ቀዝቃዛ ነው። እንስራ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ጥበብ ያውቀዋል፤ ለአላፊ አግዳሚ ብሎ በየማለዳው ሞልቶ ማስቀመጡ ግን የሱዳኖች ደግነት ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ከተጓዙት ብዙዎች የሱዳንን ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት አድንቀው ይናገራሉ።

ከካርቱም ሲወጡ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ጥቁር ዓባይን ወደ ላይ እየተከተለ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከዋድ መዳኒ ይደርሳል። ይህ የገዚራ ምድር ነው። ሜዳነቱን በቁጥር ከመግለጽ ይልቅ በሥራ ማሳየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1925 የተጠናቀቀው የሰናር ግድብ ውኃ ወደ ገዚራ የጥጥ እርሻዎች የሚደርሰው ያለ ሞተር፣ በመሬቱ ዘንበል ማለት ብቻ በቦይ እየፈሰሰ ነው። ዓይን የማያየውን ዘንበል ማለት ውኃ ያየዋል። አፈሩም ቢሆን የአገሩ አፈር አይደለም። ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ደለል በሺህ ዓመታት ውስጥ ተከማችቶ የሠራው ሜዳ ነው። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር። ግንዱን ይዞ ይዞር ይሆናል፤ አፈሩን ግን ከገዚራ አሳድሮታል። ስለዚህ ብስክሌተኛው ከካርቱም ወጥቶ በሜዳው ሲበርር ሳያውቀው የሚረግጠው፣ ከቀናት በኋላ በጎጃምና በሸዋ መካከል ከሚጠብቀው ገደል ተፈልፍሎ የወጣውን አፈር ጭምር ነው።

ሜዳ ቀላል ነው የሚል ሰው ብስክሌት ለረጅም ሰዓት አልነዳም። አቀበት የወጣ ሰው ቁልቁለት ያርፋል፤ በገዚራ ግን ቁልቁለት የለም። ከማለዳ እስከ ቀትር በኋላ ፔዳሉ አያርፍም፤ የሚሠራው ጡንቻ ያው አንዱ፣ የሚቀመጡበትም ሥፍራ ያው አንዱ ነው። የእጅ መዳፍ ይደነዝዛል፤ ወገብ ይደርቃል። ለዚህም ብስክሌተኞች ያገኙት ዘዴ ተሰልፎ መሄድ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲሰብር ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው እስከ ሩብ፣ አንዳንዴም እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። የፊተኛው ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ከሰልፉ ጅራት ይገባል፤ ተራው ለሚቀጥለው ይደርሳል። ሁልጊዜ ከኋላ ተጠግቶ ተራውን የማይወጣ ሰው በብስክሌተኞች ዘንድ ምን ያህል እንደሚናቅ ለሠራዊት አባል መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ከዋድ መዳኒ እስከ ገዳሪፍ 230 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ስትሆን ከኢትዮጵያ ለአጨዳ የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች አሳምረው ያውቋታል። ከዚያ በኋላ ሜዳው መሰበር ይጀምራል፤ ዛፉም ይበዛል።

ስለዚህ መንገድ ስንጽፍ ብስክሌቱን ብቻ አንሥተን ልናልፍ አንችልም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም በሱዳን ጦር ኃይልና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ካርቱም ለብዙ ኢትዮጵያውያን የእንጀራ ከተማ ነበረች። በየሰፈሩ ቡና የሚያፈሉ፣ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ወርሐዊ ገንዘብ ለእናታቸው የሚልኩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ነበሩባት። ጦርነቱ ሲጀመር ብዙዎቹ የያዙት መንገድ ያንኑ የብስክሌተኞቹን መንገድ ነው፤ ዋድ መዳኒ፣ ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ መኪና በሌለበትም በእግር መጡ። ሱዳናውያን ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው አብረዋቸው ተሻገሩ። በዲሴምበር ወር 2023 ውጊያው ራሷን ዋድ መዳኒን ስለ ደረሰባት፣ ከካርቱም ሸሽቶ በዚያ ያረፈው ሁሉ ለሁለተኛ ጊዜ ጓዙን አነሣ። ብስክሌተኞች ያርፉባቸው የነበሩት ሥፍራዎች የስደተኛ ማረፊያ ሆኑ። ለመንገደኛ ውኃ ሲሞላ የኖረ ሕዝብ ራሱ መንገደኛ ሆነ። ከዚህ ገጽ አንባብያን መካከል ዘመዷን በመተማ በር የጠበቀች እናት ብትኖር አይደንቀንም።

ከመተማ እስከ ጎንደር

ጋላባትና መተማ በአንድ ደረቅ ወንዝ ብቻ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። መተማ ሲባል አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1889 የወደቁበት የጦር ሜዳ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ለብስክሌተኛው ግን ሥፍራው ሌላ ትርጉም አለው፤ ሜዳው የሚያበቃበት ነው። መተማ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በመካከሉ ያለው 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ አቀበት አይደለም። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ የወረደውን መልሶ ይወጣል። ቆላውን ጨርሶ ወደ ጭልጋ ሲቃረብ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ እህሉም ከማሽላ ወደ ጤፍ ይለወጣል። ብስክሌተኞች እንዲህ ያለውን መንገድ ከአንድ ትልቅ አቀበት ይልቅ ይጠሉታል። ለምን ቢባል ወደ ታች የተሰጠው ከፍታ ሁሉ እንደ ዕዳ ተመልሶ የሚከፈል ነውና። ሰውነታቸው በሜዳ የለመደውን የእርግጫ ልክ እዚህ መርሳት አለባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከባዱን ማርሽ ሲረግጥ የነበረ ሰው ቀላሉን ማርሽ መያዝ እንደ ሽንፈት ይመስለዋል። ያን ዕለት በኩራቱ ከባዱን የያዘ ሰው በማግሥቱ ጉልበቱን ይዞ ሲያነክስ ይታያል።

እዚህ ላይ ለቤተሰብ ዓምዳችን አንባብያን አንድ ነገር በግልጽ ለመናገር እንወዳለን። ብስክሌት ይዘው በአገራችን ያለፉ የውጭ መንገደኞች የተራሮቹን ውበትና የእንጀራውን ጣዕም ሲያመሰግኑ ኖረው፣ ስለ መንገድ ዳር ሕፃናት ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ድንጋይ ይወረወርባቸዋል። ልጆቹ በክፋት ነው አንልም፤ በቡድን ሆነው በጨዋታ የሚጀምሩት ነገር ነው። ነገር ግን በቁልቁለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው አንዲት ጠጠር ከግንባሩ ብትደርስ ጨዋታ አትሆንም። በሱዳን የውኃ ጋን የተዘረጋለት መንገደኛ ድንበሩን ተሻግሮ በእኛ ዘንድ ድንጋይ ሲጠብቀው ከማየት የበለጠ የሚያሳፍር ነገር የለም። በእንግዳ ተቀባይነታችን የምንኮራ ሰዎች ነን። ወላጆች ማታ ልጆቻቸውን ሰብስበው ይህን ቢያወሩላቸው፣ አስተማሪም ትራፊክ ፖሊስም የማይደርስበትን ሥራ ይሠራሉ።

ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ያለውን 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ከቀደመውና ከሚከተለው ጋር ሲነጻጸር ገራም ነው። ባሕር ዳር ግን ለብስክሌተኛ ልዩ ከተማ ናት። ሜዳማ በመሆኗ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ባል ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ገበያ በብስክሌት የሚሄድባት ሆና ኖራለች። አገራችንም ለዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ውድድር፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ተልከው ነበር። ከእነርሱም ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ውስጥ ገባ። ይህ አበበ ቢቂላ በሮም ከማሸነፉ ከአራት ዓመት በፊት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የማይጨው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ዓባይ በረሃ

ከባሕር ዳር በእንጅባራም ይሁን በሞጣ በኩል ጎጃምን አቋርጦ የሚመጣው መንገድ ከደጀን ይደርሳል። ደጀን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከማዶ ጎሃ ጽዮን ትታያለች፤ እርሷም በ2,500 ሜትር ገደማ። ለወፍ ቅርብ ነው። በመንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ወደ ታች፣ ግማሹ ወደ ላይ። በመካከሉ ያለው ዓባይ በረሃ ነው፤ ድልድዩም ያለው በ1,050 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ቁልቁለቱን አቅልሎ ማየት አይገባም። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያለማቋረጥ ፍሬን የያዘ ሰው እጁ ይዝላል፤ የቸርኬው ብረትም ይግላል። በጣም ሲግል የውስጥ ጎማው እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ልምድ ያላቸው ፍሬናቸውን ያዝ ለቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ይወርዳሉ። በዚህ ላይ የገደሉ አፈር የሚንሸራተት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል። ከባድ የጭነት መኪናዎችም በመንገዱ መካከል እየተንፏቀቁ ይወጣሉ። ከታች ሲደርሱ የደጋው ብርድ ጠፍቶ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይመታል። ዛሬ የሚሻገሩበት ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2008 የተመረቀው ሲሆን ርዝመቱ 303 ሜትር ነው፤ አሮጌው ድልድይም ከአጠገቡ ይታያል። ከድልድዩ ላይ ቁልቁል የሚታየው ድፍርስ ውኃ ብስክሌተኛው ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ሲቀላቀል ያየው ያው ውኃ ነው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ብቻውን ነው። ከድልድዩ እስከ ላይ ያለው አቀበት በቱር ዳፍሪክ ለብቻው በሰዓት የሚለካ ውድድር ሲደረግበት ቆይቷል። እዚህ በሰው ጀርባ ተጠግቶ ጉልበት መቆጠብ አይጠቅምም፤ በዝግታ ለሚወጣ ሰው ነፋስ ጠላቱ አይደለም፤ ጠላቱ ክብደቱ ነው።

የአቀበቱን ልክ እንመልከት። በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ከ1,400 ሜትር በላይ ይወጣል። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። በአውሮፓ ውድድሮች አቀበት ሁሉ በክብደቱ ይመደባል፤ ቀላሉ አራተኛ፣ ከባዱ አንደኛ ይባላል፤ ከአንደኛም በላይ የሆነው «ከምድብ ውጭ» ተብሎ ይጠራል። በፈረንሳይ ከዚህ ዓይነቱ ዝነኛ የሆነው ሞን ቫንቱ ሲሆን፣ ከቤድዋን መንደር ሲነሡ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ጽጋቡ በተሰለፈበት በ2016 ዓ.ም. ውድድር ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሣ መጨረሻው ከጫፉ 6 ኪሎ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነበር፤ መሪው ክሪስ ፍሩምም ብስክሌቱ በግጭት ስለ ተሰበረበት ጥቂት በእግሩ ሮጧል። ዓባይ በረሃ ከዚህ ተራራ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ነው። እንደ እኛ ግምት መዳቢዎቹ መጥተው ቢያዩት ከምድብ ውጭ ከማለት ወደኋላ አይሉም። የቫንቱ ጫፍ 1,900 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የእኛ አቀበት የሚያልቀው ከዚያ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሳምባ ያንኑ ያህል ቢሠራም የሚያገኘው ትንሽ ነው። ከታች ሙቀት፣ ከላይ የአየር መሳሳት ይፈራረቁበታል።

በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ብርቱ ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ደካማው ግማሽ ቀን ሊወስድበት ይችላል። ድል የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ራስን በመግታት ነው። ከድልድዩ በጥድፊያ የተነሣው፣ ከመካከሉ ላይ በዝግታ በመጣው ሰው ይደረስበታል። ጓዙን ተሸክሞ አቀበት የወጣ ወታደር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እርምጃን ከትንፋሽ ጋር ማስማማት፣ ውኃ ሳይጠሙ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት፣ ጫፉን ሳይሆን የሚቀጥለውን ጥምዝ ማየት። ከላብ ጋር ጨው ስለሚወጣ ውኃ ብቻ መጠጣት አይበቃም። ጥቂት ጨው ያለበት ምግብ፣ ሙዝ፣ ዳቦ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከብስክሌቱ ጋር ይህን አቀበት ሲወጣ ከአንድ ሺህ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ ከሩብ ኪሎ የበለጠ ደረቅ እህል የሚሰጠውን ኃይል ያህል መሆኑ ነው።

ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ አንዳንዱ ከብስክሌቱ ሳይወርድ በአጥር ተደግፎ ይቆማል፤ ሌላው ከመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ሰማይ ያያል። ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ስኳር ያበዙበት ብርጭቆ ያቀርባሉ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የሚቀረው 185 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደጋ ለደጋ በፍቼ አልፎ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ የእንጦጦን ጀርባ ይወጣል። ከእንጦጦ በኋላ ፔዳል መርገጥ አያስፈልግም፤ ብስክሌቱ በራሱ ክብደት እየተንደረደረ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ከተማው ይወርዳል።